በአንድ ሳፋ የታጠቡ ሦስት ሽጉጦች

ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ታሪክ እንዲህ ይላል። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ጨርሰው በጉባኤ አዳራሹ ረጅም መተላለፊያ ሲወጡ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የዋናው በር ዘበኛ ሽጉጡን መዝዞ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ጥይት ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ፤ ሌላው በሊቀመንበሩ ደረት ውስጥ ቀረ። ቀለሆቹን በግርግሩ ማን እንዳነሣቸው አልታወቀም። ነገር ግን ከደረታቸው የወጣው እርሳስ ከዘበኛው ሽጉጥ የተተኮሰ መሆኑን የመሣሪያ መርማሪው ምሎ መሰከረ። በዚያ ሰዓት ቆሞ የታየውም እሱ ብቻ ነበር።

ዘበኛው የሚናገረው ደግሞ ሌላ ነው። የዋናው በር ማጠፊያ ተሰብሮ ስለነበር በሩ ካልተያዘ ተመልሶ ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ ብርሃን እንዲገባ ብሎ በሁለት እጁ ገፍቶ ከፈተውና በትከሻው ደግፎት ቆመ። ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ያየው ብርሃኑ እሱ ዘንድ ስለነበር ነው። ሁለት ተኩስ ከውስጥ ሰማ። የሱ ሽጉጥ ከወገቡ አልተነሣም።

የመጀመሪያውን ታሪክ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው የማውቀው። ሁለተኛውን ከቤት። ዘበኛው የእናቴ አባት፣ አባባ ናቸው። የታሪክ አስተማሪያችን እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እኔን ላለማየት መስኮቱን እያየ ነበር ያነበበው። ለእናቴ ስነግራት «ፈተና ላይ የመጽሐፉን ጻፍ» አለችኝ። «የኛን ማንም አያርምልህም።»

አባባ ሲታሰሩ እናቴ ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር። ሲፈቱ እኔ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር ይኖራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት ውስጥ የተዘጋ በር ባጋጠማቸው ቁጥር ቆመው ሌላ ሰው እስኪከፍትላቸው ይጠብቁ ነበር። አባቴ አንድ እሑድ ምንም ሳይል የውስጥ በሮቹን በሙሉ ነቅሎ መጋረጃ ሰቀለባቸው። ስለዚያ ጉዳይ በቤታችን ማንም ተናግሮ አያውቅም።

አዳራሹ አሁንም አለ። ግድግዳው ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የሊቀመንበሩ ስም በትልቁ፣ የአባባ ስም ከሥር በትንሹ ተቀርጾበታል። እናቴ የምትሠራበት ክሊኒክ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። በአዳራሹ በኩል ቅርብ ነው፣ በገበያው በኩል ዙሪያ ጥምጥም ነው። እናቴ ሥራ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ በገበያው በኩል ነው የምትሄደው።

የቆዩ ፍርዶችን እንደገና የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ ሲባል ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባባና እናቴ ፈረሙ። አባባ ሲፈርሙ «ደግሞ ምን ሊያገኙ?» አሉ።

«እውነቱን ነዋ» አለች እናቴ።

«እሱንማ ነግሬያቸዋለሁ» አሉና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

የምሠራው የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከየሰፈሩ የሚመጣ ውሃ እመረምራለሁ። ውሃው ደህና ነው ስል ደስ የሚለው ሰው አለ፣ ደህና አይደለም ስል የሚቆጣ አለ፤ ውሃው ግን ስለ ሁለቱም ግድ የለውም። የኮሚሽኑ ሰዎች ለምርመራው ሲጠሩን እንደዚያው ይሆናል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አራታችንም ሄድን። አባባ፣ እናቴ፣ እኔ፣ በመኪናው ያደረሰን አባቴ።

ክፍሉ የማሽን ዘይት ይሸታል። በአንድ በኩል የብረት ቁም ሣጥኖች፣ በሌላው ሽጉጥ የሚሞከርበት ረጅም የውሃ ገንዳ አለ። የኮሚሽኑ የመሣሪያ መርማሪ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ለአባባ ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ አባቴ» አለች። ከዚያ የሠራችውን ነገረችን። የአባባን ሽጉጥ ከታሸገበት አውጥታ ውሃው ውስጥ ተኮሰችበት። አዲሱን እርሳስና ከሊቀመንበሩ ደረት የወጣውን አሮጌ እርሳስ ጎን ለጎን በሚያሳይ ማጉያ ሥር አደረገቻቸው። ጥይት የሚያልፍበት ቧንቧ፣ አፈሙዙ ማለት ነው፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው በሚያልፈው እርሳስ ላይ የራሱን ጭረት ይተዋል። የሁለት አፈሙዝ ጭረት አንድ አይሆንም።

«ና እየው» አለችኝ። ቤተ ሙከራ እንደምሠራ ነግሬያት ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመሐል በቀጭን ጥቁር መስመር የተከፈለ ክብ ነው የሚታየው። በግራ ያለው ጭረት መስመሩን አልፎ በቀኝ ይቀጥላል። አንዱም አልተዛነፈም። አንድ ጨርቅ ለሁለት ተቀዶ ቅዳጁ ሲገጠም እንደሚሆነው ነው። ማጉያውን ትቼ ቀና ስል እናቴ ፊቴን እያየች ነበር።

«ገጥሟል» አለች መርማሪዋ። «የያኔው መርማሪ አልዋሸም። እርሳሱ ያለፈው በዚህ አፈሙዝ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ እህቴ?» አለች እናቴ።

«ነኝ። ሌላ ነገር ብነግርሽ ደስ ባለኝ።»

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። እኔ የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። የተሰማኝ ነገር የለም። የሹራቧ አንድ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን አየሁ። ከዚያ የአባባን እጆች አየሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጽሐፉ ልክ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ መጣ፤ ተቀመጠ። አላባረርኩትም።

አባባ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሽጉጥ እያዩ ነበር። «እጀታው ላይ ያለው ጭረት የኔ ነው» አሉ። «አጥር ስዘል ወድቄ ነው።»

«አጥር ሲዘሉ?» አለች እናቴ።

«ፉጨት የምንለው ዘበኛ ነው ያዘለለኝ። ከኋላ ውሻ ለቆብኝ።»

መርማሪዋ ፈገግ አለችና ወረቀቷን ወደሷ ሳበች። «ለሥርዓቱ ያህል ጥቂት ጥያቄ አለኝ አባቴ። ሽጉጡ ለመጨረሻ ጊዜ የጸዳው መቼ ነበር? ትዝ ይልዎታል?»

«ልናስረክብ ስንል ነዋ።»

«ለማን ልታስረክቡ?»

«ለምርመራው። ሊቀመንበሩ የተመቱ ዕለት አዛዡ መጣና ሦስታችሁም መሣሪያችሁን አስረክቡ አለን። አጽድተን አስረከብን።»

መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። «ከተኩሱ በኋላ አጸዳችሁት?»

«ቆሻሻ መሣሪያ ማን ይረከብሻል ልጄ? አፈሙዙን በጣቱ ዳብሶ ጥቁር ነገር ካገኘ ደሞዝህን ትተህ ነው የምትሄደው።»

«አዛዡ አጽዱ አላችሁ?»

«መባል አለበት? ስታስረክብ ታጸዳለህ። እጅህን ሳትታጠብ ገበታ ትቀርባለህ?»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«ሦስታችን። እኔ፣ ረዥሙ፣ ፉጨት።» እናቴ ያልተነገራት ታሪክ ስለመጣ ቀና አለች። አባባ ግን እንደተለመደው አንድ ድምፅ ላይ ነበሩ። «ዘበኛ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሳፋ አለች። ነጭ ጋዝ እናደርግባትና ፈታትተን እንነክራለን። ከዚያ ዙሪያዋን ቁጭ ብለን በጨርቅ እያሸን እንገጣጥማለን። ያን ቀን ማንም አላወራም። ፉጨት እንኳ አላፏጨም።»

«ሦስቱንም በአንድ ሳፋ?»

«አንድ ሳፋ ነው ያለን።»

«የትኛው የማን እንደሆነ በምን ትለዩ ነበር?»

«በቁጥሩ።»

«ቁጥሩ የተመታው ገላው ላይ ነው፣ እጀታው ያለበት ላይ። አፈሙዙ ላይ ቁጥር የለም።»

አባባ ትንሽ አሰቡ። «አፈሙዝ አፈሙዝ ነው» አሉ። «ሁሉም ይገጥማል። ያገኘነውን እንከታለን።»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና ቀስ ብላ፣ ለእናቴ በሚገባት ቋንቋ አስረዳች። ጭረቱን የሚተወው አፈሙዙ ነው። ባለቤቱን የሚናገረው ግን የገላው ቁጥር ነው። ሦስቱ ሽጉጦች ተፈታትተው በአንድ ሳፋ ከተነከሩና ሰው ያገኘውን ከከተተ፣ ገዳዩ አፈሙዝ የአባባ ሽጉጥ ገላ ውስጥ መገኘቱ ያን ዕለት የማን ወገብ ላይ እንደነበረ አያሳይም። ጭሱም ታጥቦ ስለሄደ የትኛው እንደተተኮሰ ማየት አይቻልም።

«ይህን ለፍርድ ቤቱ ለምን አልነገሩም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? ተኮስክ ወይ አሉኝ። አልተኮስኩም አልኩ።»

እኔም አልጠየቅኳቸውም ነበር። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስለ በሩ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ተኩሱ ድምፅ። መሣሪያ ተጸድቶ መሰጠቱ ግን ለሳቸው ሊወራ የሚገባው ነገር አልነበረም።

«ሌሎቹ ሁለቱ ዘበኞች አሉ?» ብላ ጠየቀች መርማሪዋ።

«ፉጨት ሞቷል» አሉ አባባ። «ሚስትም ልጅም የለው። መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ነበር የሚቆመው። ረዥሙ ደግሞ መሐል ላይ። እሱም አረፈ።»

«ረዥሙ የሚሏቸው ሰው ቤተሰብ የላቸውም?»

እናቴ ቦርሳዋን ያዘች።

«አባቴ ነው» አለ አባቴ። ከገባን ጀምሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የተናገረው ያን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የቤታችንን ነገር መናገር አለብኝ። አባባ ከታሰሩ በኋላ ሴት አያቴ ቤት ዘመድ እግሩን አሳጠረ። መምጣት ያላቆመው ረዥሙ ብቻ ነበሩ። የሚያፈስ ጣሪያ ጠገኑ፣ እናቴን ትምህርት ቤት አስመዘገቡ፣ ስታድግም የነፍሰ ገዳይ ልጅ ናት እየተባለ የሚያገባት ሲጠፋ ልጃቸውን ይዘው መጡ። አባባን ሊጠይቁ እስር ቤት ሄደው በሽቦው ማዶ ቆመው «ልጅህን ለልጄ» አሉ ይባላል። አባባም «ሌላ ማን ሊወስዳት፣ ውሰዳት» ብለው ሳቁ። እናቴ ይህን ስታነሣ «እኔን የለመነ የለም፣ እባካችሁ አንሡልን ነው የተባለው» እያለች አባቴን ታበሽቀዋለች።

ረዥሙን አስታውሳቸዋለሁ። በራችን ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ይሉ ነበር። ስለ አዳራሹ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያ ምንም አያስረዳም፤ አባባም ካልተጠየቁ አያወሩም። ደግነታቸውም ምንም አያስረዳም። ጓደኛው ያለ ጥፋቱ የታሰረበት ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ጓደኛውን ያሳሰረ ሰውም እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሁለቱን ብዙ ጊዜ አመዛዝኜአቸዋለሁ። እኩል ናቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መርማሪዋ እኔን ብቻ ጠራችኝ።

እንደነገረችኝ፣ አፈሙዝና ገላ አብረው ዓመታት ሲቆዩ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ አንዱ የተበላበት ቦታ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ሦስቱም ሽጉጦች ከተረከቧቸው ወዲህ ስላልተሠራባቸው ፍትጊያው እንዳለ ተቀምጧል። የፉጨት ወራሽ ስለሌለ የሳቸውን ሽጉጥ ፈትታ አይታው ነበር። አፈሙዙና ገላው የኖሩት አብረው ነው። የአባባ ግን አይገጥምም።

«ስለዚህ አፈሙዙ የሳቸው አይደለም» አልኳት።

«አይመስለኝም። አይመስለኝም ብዬ ግን አልፈርምም። የቀድሞው ሲበላሽ ከመጋዘን አሮጌ አፈሙዝ አውጥተው ገጥመውላቸው ሊሆን ይችላል። ከሦስተኛው ሽጉጥ ገላ ጋር ከገጠመ ነው አለቀ የምለው።»

«ካልገጠመስ?»

«ካልገጠመ ፍርዱ ባለበት ይቆያል። ጥርጣሬ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን የቆየ ፍርድ አይሽርም ብሏል ኮሚሽኑ።»

«ታዲያ ለምን አትፈቺውም?»

«ባለቤቱ ተከሶ አያውቅም። ያልተከሰሰ ሰው መሣሪያ ያለ ወራሹ ፈቃድ አይመረመርም። ወራሹ አባትህ ናቸው።»

ተነሥቼ ልወጣ ስል ጠራችኝ። «አፈሙዝ ማን እንደያዘው አይናገርም፣ ይህን ሪፖርቴ ላይ እጽፈዋለሁ» አለች። «ሰው ግን እስከዚያ ድረስ አያነብም። ይህን እወቀው።»

አባቴ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ አንጀታቸው የተዘረገፈ ፍሪጆች ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ስደርስ አንዲት ጎረቤታችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እየተጨቃጨቀችው ነበር።

«ሠርቼዋለሁ አልከኝ፤ አሁንስ ከባለቤቴ ብሶ ያንኮራፋል።»

«ሁለቱንም አምጪያቸው፣ አንድ ላይ አያቸዋለሁ» አላት ከሚፈታው የፍሪጅ መጭመቂያ ቀና ሳይል።

«ባሌንስ ባትመልሰውም አልቀየምህም።» እየሳቀች ወጣች።

ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ከጨረስኩ በኋላም መጥረጉን አላቆመም፤ ጣት በጣት፣ ከዚያ እንደገና።

«ካልገጠመ የአባባ ይሆናል ማለት ነው» አለ።

«ባለበት ይቆያል።»

«ከገጠመ የአባቴ።»

«አፈሙዙ። ማን እንደተኮሰ አይናገርም።»

«እህ» አለ። ጨርቁን አጣጥፎ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። «እናትህ ታውቃለች?»

«ገና አልነገርኳትም።»

«ንገራት። እኔ በሌለሁበት።»

ማታ አባቴ ሱቅ ሲያመሽ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች።

«ጠይቂው» አልኳት።

«አልጠይቀውም።»

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሽው እኮ ነው።»

«እምቢ ቢለኝ አብሬው እንዴት እኖራለሁ? እሺ ቢለኝስ?» ሳህኑን ገለበጠችው። «አባቱ ጣሪያችን ላይ ሆነው ምስማር ሲመቱ ከታች ሆኜ ምስማሩን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። አፌ እንዴት ይከፈታል?»

ከመጋረጃው ማዶ የአባባ አልጋ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማን። ቤታችን በር የለውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሌሎቹ ቀናት ነበሩ። አባቴ ለእናቴ ሻይ ቀዳላት፣ እናቴ ለአባቴ ሸሚዝ ተኮሰችለት። የውሃ መጥፋትና የጎረቤት ፍሪጅ ተወራ። ሁሉም ሰው በጣም ጨዋ ሆነ። እናቴ ማበሻቀቋን ትታ «እባክህ» ማለት ስትጀምር ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባኝ። እኔ ለማን እንደማዳላ ራሴን ጠየቅኩ። እናቴን ሳይ ሽጉጡ እንዲፈታ እፈልጋለሁ። አባቴን ሳይ እንዳይፈታ። ብቻዬን ስሆን ምንም አልፈልግም።

ኮሚሽኑ ለመጨረሻው ቀጠሮ ሲጠራን አባባ ኮታቸውን ለብሰው ከሁላችንም ቀድመው መኪናው አጠገብ ቆሙ።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛው ሽጉጥ ከነማሸጊያው ተቀምጧል፤ መርማሪዋ አጠገቡ ቆማለች። ሰብሳቢው ንግግራቸውን ሳይጀምሩ አባባ ተነሡ።

«እኔ ልናገር» አሉ።

«ይናገሩ አባት፣ ቁጭ ብለው።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ።»

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። «አባባ።»

«ቆይ አንቺ። ለዚህ ነገር የታሰረ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ። ታስሬ ጨርሼ ወጥቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ሰው ምን ያደርግላቸዋል?»

«እሳቸው እኮ ሞተዋል። ማንም አያስራቸውም» አለች እናቴ።

«ልጁ አልሞተም» አሉ አባባ። «ያውልሽ ቆሟል። አንቺ ያየሽውን እሱ ይይልሽ?»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ማመልከቻው ላይ ልጅዎም ፈርመዋል» አሉ። «እርስዎ ቢያነሡም የሳቸው ይቀጥላል። እመቤት፣ እርስዎስ ያነሣሉ?»

«አላነሣም» አለች እናቴ። «እሱን ግን አልጠይቀውም። እናንተ ጠይቁት። እኔ አላየውም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እንግዲያው የሚቀረው የወራሹ ቃል ነው» አሉ ሰብሳቢው፤ ወደ አባቴ እያዩ። «ምርመራው ይደረግ ካሉ አሁኑኑ ይፈታል። አይሆንም ካሉም ማንም አያስገድድዎትም፣ ምክንያትም አንጠይቅም። ሽጉጡ ወደ መጋዘን ይመለሳል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ጊዜ ከፈለጉ እንሰጥዎታለን።»

አባቴ ከግድግዳው ተላቆ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ማሸጊያውን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ ሽጉጡን አየው። በላስቲኩ ውስጥ ቁጥሩ ይታያል። ብዙ ቆየ። መርማሪዋ ወንበር ልትስብለት ስትል በእጁ ከለከላት።

«ይቅር፣ አታስቸግራቸው፣ በል እንሂድ» አሉት አባባ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አባቴ። ዞር ብሎ አላያቸውም። «ማመልከቻው የእርስዎ ነበር፣ አንሥተውታል። ይህ ግን የአባቴ ነው። ስለሱ ተናጋሪው እኔ ነኝ።»

«እኔ አንተን ብዬ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ሁላችሁም እኔን ብላችሁ ዝም ብላችኋል። እሷ እባክህ ትለኛለች። እንደ እንግዳ። አባቴ ከሆነም አባቴ ነው። ካልሆነም ይታወቅ። እኔ ግን ከእንግዲህ ፊቷን ሳይ ይህን ነገር ማሰብ አልችልም።»

እናቴ አሁንም መስኮቱን ታያለች። አንገቷ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶአቸውን አነሡ። «ለመዝገቡ በግልጽ ይንገሩን።»

«ይፈታ» አለ አባቴ። «አሁን፣ እኔ ፊት ፍቱት።»